የ2,760 ዶላር ሙያ፦ ኢንቴሪየር ዲዛይን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ

ርካሽ ዕቃ ገበያ ላይ ያየ ነጋዴ ሁለት ጥያቄ ያነሳል። አንደኛው "ለምን ረከሰ?" የሚል ሲሆን ሁለተኛው "ስንት ያተርፋል?" የሚል ነው። ትምህርትም ዋጋ ተለጥፎበት መሸጥ ከጀመረ ሰንብቷልና ሁለቱ ጥያቄዎች ለእሱም ይሠራሉ።

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የሕዝብ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የግዛቲቱን ነዋሪ የሚያስከፍሉት ለአንድ ክሬዲት 46 ዶላር ነው። ተመኑ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ አልተነካም። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ 60 ክሬዲት ይጠይቃል። 60 በ46 ሲባዛ 2,760 ዶላር ይመጣል። በዚህ ገንዘብ ከሚሸጡት ሙያዎች አንዱ ኢንቴሪየር ዲዛይን፣ ማለትም የሕንፃን የውስጥ ክፍል ማቀድና ማደራጀት ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ለ2024-25 የትምህርት ዘመን ባወጣው አማካይ ተመን መሠረት በመላው አሜሪካ የአንድ ዓመት ክፍያ በሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ 4,050 ዶላር፣ በአራት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለግዛቱ ነዋሪ 11,610 ዶላር፣ ለትርፍ ባልቆመ የግል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 43,350 ዶላር ነበር። ካሊፎርኒያ ከአማካዩም በብዙ ወርዳ ትሸጣለች ማለት ነው። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ነዋሪ ደግሞ 46 ዶላሩም የሚነሳበት የድጎማ አሠራር አለ።

ዋጋው ይህ ነው። የሚገዛው ነገር ምንነት፣ ለማን እንደሚያዋጣና ለማን እንደሚያከስር ግን ከተመኑ ላይ አይነበብም።

በሩ ለምን ሰፋ?

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ከሕዝብ ኮሌጆቹ ሁሉ አንጋፋው በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው ጆሊየት ኮሌጅ ሲሆን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። "ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ" የሚለው ስም የተስፋፋው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን በ1947 ሪፖርቱን ካወጣ ወዲህ ነው። ዓላማውም የአካባቢው ሰው ከቤቱና ከሥራው ሳይርቅ፣ በአነስተኛ ክፍያ፣ ሙያ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ መሸጋገሪያ እንዲያገኝ ነው።

ዛሬ ካሊፎርኒያ ብቻዋን 116 እንዲህ ዓይነት ኮሌጆች አሏት። የመግቢያ በራቸው ሰፊ ነው። ውጤት እያበጠሩ አይመርጡም። የማታና የኢንተርኔት ትምህርትም ይሰጣሉ። በመሆኑም በዲዛይን ክፍል ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ የመጣ ወጣት፣ ልጆቿን ያሳደገች እናት፣ የቤት ደላላ፣ የሶፋ መደብር ሻጭ እና ቀለም ቀቢ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚደነቅ አይደለም። ዋጋው የረከሰውም ዕቃው ተበላሽቶ ሳይሆን ቀሪውን ግብር ከፋዩ ስለሚሸፍነው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይህ ነው።

መጋረጃ መምረጥ ብቻ አይደለም

ብዙ ሰው ኢንቴሪየር ዲዛይን ሲባል የሚታየው መጋረጃን ከሶፋ ጋር ማስማማት ነው። የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት የተቀመጠ ተማሪ ግን ቶሎ ይነቃል። ትምህርቱ የሚጀምረው በእርሳስና በማስመሪያ ነው። በአሜሪካ የተለመደው የቤት ፕላን ሩብ ኢንች አንድ ጫማን ወክላ ትሣላለች፤ ይኸውም 1 ለ48 ማለት ነው። ቀጥሎ የቀለም ጥናት፣ የጨርቃ ጨርቅ ዓይነት፣ የወለልና የግድግዳ ማልበሻዎች፣ የመብራት ስሌት፣ የቤት ዕቃ ታሪክ፣ የቦታ ድልድል ይመጣል። ከዚያም ኮምፒዩተሩ ይከፈታል፤ አውቶካድ፣ ሬቪት፣ ስኬችአፕ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሥራ ልምምድና ሥራዎቹን ሰብስቦ የሚያሳይበት ፖርትፎሊዮ ይቀራል።

መሐል ላይ ግን ብዙዎችን የሚያላብ ትምህርት አለ። እሱም የሕንፃ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቤት ሁሉ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያስገባ ያስገድዳል። በር ሲከፈት ንጹሕ ስፋቱ ቢያንስ 32 ኢንች፣ ማለትም 81 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ወንበሩ ዙሮ የሚመለስበት ክብ ቦታ ደግሞ 60 ኢንች ወይም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው።

ይህ ቁጥር ለባለ ምግብ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ እ.ኤ.አ. በ2002 "ትንሿ ኢትዮጵያ" የሚል ስያሜ በይፋ በተሰጠው ሰፈር፣ ባለቤቱ ቤቱን በመሶብና በበርጩማ ሊያደምቅ ይፈልግ ይሆናል። ደንቡ ደግሞ ከመመገቢያ ቦታዎቹ ቢያንስ 5 በመቶው በተሽከርካሪ ወንበር ለመጣ እንግዳ የሚመች እንዲሆን፣ የጠረጴዛውም ከፍታ ከ28 እስከ 34 ኢንች እንዲሆንና ከሥሩ ለጉልበት የሚበቃ ክፍተት እንዲኖረው ይጠይቃል። ዝቅ ያለ መሶብ ይህን አያሟላም። ሁሉንም መቀመጫ በመሶብ የሞላ ባለ ሀብት ክስ ሲመጣበት የሚያወጣው ወጪ አስቀድሞ ለዲዛይነር ሊከፍለው ከሚችለው ጋር አይወዳደርም። ሙያውን የተማረ ሰው መሶቡን ሳያስወጣ የትኛው ጥግ ላይ ጠረጴዛ እንደሚገባ በወረቀት ላይ ይጨርሰዋል።

የሕንፃ ደንቡ ከገንዘብም በላይ የሆነ ጉዳይ ይዟል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1980 በላስ ቬጋስ ኤም.ጂ.ኤም. ግራንድ ሆቴል በተነሳ እሳት 85 ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹን የገደላቸው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው፤ ጭሱን ካበዙት መካከልም የውስጥ ማስጌጫዎችና የቤት ዕቃዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. የካቲት 20 ቀን 2003 ደግሞ በሮድ አይላንድ ግዛት "ዘ ስቴሽን" በተባለ የምሽት ክበብ 100 ሰዎች አለቁ። በዚያ ቤት ድምፅ እንዲያፍን ተብሎ መድረኩ ዙሪያ የተለጠፈው ስፖንጅ በርችት ተቀጣጥሎ ነው። ስፖንጁን የለጠፈው ሰው ርካሽ ዕቃ መርጧል እንጂ ሰው ለመግደል አላሰበም። በኮሌጁ የዕቃ ምርጫ ትምህርት ላይ የእሳት መቋቋም ደረጃ የሚጠናው በዚህ ምክንያት ነው።

ዲዛይነሩም ነጋዴ ነው

የሙያው አጀማመር ራሱ የንግድ ነው። ከቀደምት ባለሙያዎቹ አንዷ የሆነችው የቀድሞዋ ተዋናይት ኤልሲ ደ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1905 የኒው ዮርኩን ኮሎኒ ክለብ ሥራ ስትረከብ የምትታወቀው በመድረክ እንጂ በዲግሪ አልነበረም። ለሰው ዕቃ መርጦ፣ ገዝቶ፣ አስቀምጦ ዋጋ መቀበልን ሙያ ካደረጉት ውስጥ ግን ስሟ ቀድሞ ይጠራል።

አሠራሩ ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቀም። አሜሪካዊው ዲዛይነር ገቢ የሚያገኘው በአራት መንገድ ነው። በሰዓት ያስከፍላል፤ ወይም ለሥራው በሙሉ ቁርጥ ዋጋ ይነጋገራል፤ ወይም በካሬ ጫማ ይተምናል፤ ወይም ደግሞ ዕቃውን በባለሙያ ዋጋ ገዝቶ የራሱን መቶኛ ጨምሮ ለደንበኛው ያስተላልፋል። አራተኛው ለነጋዴ የታወቀ ቋንቋ ነው። በሎስ አንጀለስ ዌስት ሆሊዉድ የሚገኘውና በሰማያዊ መስታወቱ ምክንያት "ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ" የሚባለው ፓሲፊክ ዲዛይን ሴንተር እ.ኤ.አ. በ1975 ሲከፈት የታሰበው ለባለሙያ ብቻ ለሚሸጡ ማሳያ ክፍሎች ነበር። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ዕቃውን ቢያየውም በዚያ ዋጋ አይሸጥለትም።

ለምሳሌ ያህል እንበልና፣ በችርቻሮ 5,000 ዶላር የሚጠየቅበትን ሶፋ ዲዛይነሩ በ3,500 ዶላር ያገኘዋል። 20 በመቶ ጨምሮ በ4,200 ዶላር ለደንበኛው ቢያስረክብ ዲዛይነሩ 700 ዶላር፣ ደንበኛውም ከችርቻሮው 800 ዶላር ያተርፋሉ። ሁለቱም ወገን የሚደሰትበት ሒሳብ ነው። ችግሩ የሚመጣው የተጨመረው መቶኛ በውል ላይ ሳይጻፍ ሲቀር ነው። ደንበኛው ደረሰኙን ያየ ቀን "ዋጋውን ደብቀኸኛል" ይላል። ደላላ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን ሲበላ የሚነሳው ጠብ እዚህም ይነሳል። ስለዚህ በኮሌጁ "የሙያ አሠራር" የሚባለው ትምህርት ዋነኛ ምክር ውል ነው። የሚከፈለው በምን እንደሆነ፣ መቶኛው ስንት እንደሆነ፣ በልክ የተሠራ ሶፋ የማይመለስ ስለሆነ ቀብዱ ከትዕዛዙ በፊት እንደሚከፈል ቀድሞ ይጻፋል።

ሌላም ነገር አለ። ዕቃ ገዝቶ የሚሸጥ ዲዛይነር በካሊፎርኒያ ሕግ ዓይን ቸርቻሪ ነው። የሻጭነት ፈቃድ ያወጣል፤ የሽያጭ ታክስ ሰብስቦ ለግዛቱ ያስገባል። ግድግዳ አፍርሶ መሥራት ከፈለገ ደግሞ የተቋራጭ ፈቃድ ሌላ ጉዳይ ነው። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ጉልበትና ዕቃ ተደምሮ 1,000 ዶላር የሚደርስ ሥራ ያለ ፈቃድ መዋዋል አይፈቀድም፤ ከዚያ በፊት ጣሪያው 500 ዶላር ነበር። "ፕላኑንም እኔ፣ ግንባታውንም እኔ" የሚል አዲስ ምሩቅ ሳያውቀው ሕግ ይጥሳል።

ወረቀቱ የት ድረስ ያስኬዳል?

ሁለተኛው ጥያቄ፣ "ስንት ያተርፋል?" የሚለው፣ እዚህ ላይ ይመጣል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳስቀመጠው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የኢንቴሪየር ዲዛይነሮች የመካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 62,500 ዶላር ገደማ ነበር። ግማሾቹ ከዚህ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚህ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ለጆሮ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ያው ቢሮ ለሙያው መግቢያ የተለመደው ትምህርት የአራት ዓመት ዲግሪ እንደሆነ ይገልጻል። የሁለት ዓመት ምሩቅ በዚህ ገበያ የሚወዳደረው ከሌላ ዕቃ ጋር ነው።

በካሊፎርኒያ ራሱን "ኢንቴሪየር ዲዛይነር" ብሎ ሱቅ ለመክፈት ፈቃድ አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ የተጠበቀው "ሰርቲፋይድ ኢንቴሪየር ዲዛይነር" የሚለው ስም ነው። ይህን ስም ለመያዝ የትምህርትና የሥራ ዘመን ተደምሮ ይቆጠራል፤ ፈተናም አለ። የሁለት ዓመት ትምህርት ያለው ሰው ከአራት ዓመት ምሩቅ የበለጠ የሥራ ዘመን ያሟላል። ስሙን ቢያገኝም የሕንፃውን ተሸካሚ አካልና የመሬት መንቀጥቀጥ መከላከያውን የሚነካ ሥራ አይነድፍም፤ ያ የአርክቴክትና የመሐንዲስ ድርሻ ነው።

በመላው አሜሪካና በካናዳ የሚታወቀው ፈተና ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደላቱ "ኤን.ሲ.አይ.ዲ.ኪው" ይባላል፤ ሦስት ክፍሎች አሉት። ሆስፒታል፣ ሆቴልና የቢሮ ሕንፃ የሚሠሩ ትልልቅ ድርጅቶች ከፍ ላለ ቦታ የሚፈልጉት ይህን ያለፈ ሰው ነው። የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ለመፈተን የባችለር ዲግሪ ያለው 3,520 ሰዓት የሥራ ልምድ ሲጠየቅ፣ የሁለት ዓመት ዲግሪ ያለው እንደ ዲዛይን ክሬዲቱ ብዛት 5,280 ወይም 7,040 ሰዓት ይጠየቃል። ልዩነቱ ሲሰላ ኮሌጁ ላይ የተቆጠበው ሁለት ዓመት በከፊል ወይም በሙሉ በሥራ ቦታ ተመልሶ ይከፈላል። ለሚሠራና ደመወዝ ለሚያገኝ ሰው ግን ይህ ዕዳ አይደለም፤ ልምምዱን እየተከፈለው ይጨርሳልና።

መካከለኛው መንገድ ሁለቱን ዓመት በኮሌጅ ጨርሶ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መዛወር ነው። እንደ ኖርዝሪጅና ሳክራሜንቶ ያሉ የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች በዚህ መስክ ያስተምራሉ። የሙያውን ትምህርት መዝኖ ዕውቅና የሚሰጠው አካል የሚያየው ከባችለር ዲግሪ ጀምሮ ያለውን ነው። እዚህ ላይ ወጥመዱ ክሬዲት ነው። የሁሉም ኮርስ ክሬዲት አይዛወርም። ሳይጠይቅ የተማረ ሰው አንድ ኮርስ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ለውጭ ተማሪ ሒሳቡ ይገለበጣል

እስካሁን የተባለው ለካሊፎርኒያ ነዋሪ ነው። ነዋሪ ለመባል የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ከአንድ ዓመት በላይ በግዛቲቱ መኖርና ለመኖር ማሰቡንም ማስረዳት ይጠበቅበታል። እዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ይህን ካሟላ በ46 ዶላሩ ይገባል።

አንድ የመርካቶ መጋረጃ ነጋዴ ልጁን በተማሪ ቪዛ ሊልክ አሰበ እንበል። ለውጭ ተማሪ በብዙዎቹ ኮሌጆች የአንድ ክሬዲት ዋጋ ከ300 ዶላር ይዘላል። 60 ክሬዲት በ300 ቢሰላ እንኳ 18,000 ዶላር ነው። ቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ የጤና መድን፣ ሬቪት የሚሸከም ኮምፒዩተር በዚህ ላይ ይጨመራሉ። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በየመንፈቀ ዓመቱ ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት፤ ከኮሌጁ ውጭም እንደልቡ ሠርቶ ራሱን አይደጉምም።

ትልቁ ጉድለት ግን መጨረሻው ላይ ነው። ዲግሪውን ሲጨርስ በሙያው እንዲሠራ የሚፈቀድለት 12 ወር ነው። በሳምንት 40 ሰዓት፣ አንድ ሳምንት ሳያጓድል ቢሠራ የሚያጠራቅመው 2,080 ሰዓት ነው። ፈተናው በትንሹ 5,280 ሰዓት ይፈልጋል። 3,200 ሰዓት ይጎድለዋል። ልጁ ወደ ባችለር ካልቀጠለ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካላገኘ ከፈተናው ደጃፍ ሳይደርስ የሥራ ፈቃዱ ያልቃል። አባትየው የከፈለው ለሙያው ፈቃድ መስሎት ከነበረ የገዛው ለሙያው መግቢያ ብቻ ነው።

ውድ ገዝተው የከሰሩ

"እንግዲያው ውዱን የግል ኮሌጅ ልምረጥ" ለሚል ሰው አንድ ታሪክ ይበቃዋል። ዲዛይንና ፋሽን ያስተምሩ የነበሩት "ዘ አርት ኢንስቲትዩትስ" በአንድ ወቅት በመላው አሜሪካ ተዘርግተው ነበር። ለትርፍ በቆመ ኩባንያ እጅ ያደጉት እነዚህ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻዎቹን ስምንት ካምፓሶች እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2023 በድንገት ዘጉ። በግንቦት 2024 የአሜሪካ መንግሥት ተማሪዎቹ በምሩቃን የሥራ ዕድል ረገድ ተታልለዋል በማለት ወደ 317,000 የሚሆኑ ተበዳሪዎችን ከ6.1 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ነፃ አደረገ። ዕዳው ቢሰረዝም የጠፋው ዓመት አይመለስም። የማስታወቂያው ድምቀትና የዋጋው ክብደት ለዕቃው ጥራት ዋስትና እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ተመላሹ ምን ይዞ ይመጣል?

ተምሮ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው የሚያስተካክለው ነገር አለ። የለመደው ኢንችና ጫማ ነው፤ እዚህ የሚሠራው በሜትር ነው። የመብራት ስሌቱን የተማረው በ120 ቮልት መስመር ነው፤ የእኛ 220 ቮልት ነው። ያጠናው ደንብ የአሜሪካ ነው፤ የተማረባቸው ዕቃዎች ካታሎግም እንዲሁ። እነዚህ በወራት ውስጥ ይታረማሉ። የማይታረመው፣ ማለትም ቀድሞ ያልተማረ ሰው በቀላሉ የማያገኘው፣ ከመግዛት በፊት በወረቀት ላይ መጨረስ የሚለው ልማድ ነው። ለሆቴሉ ስንት ካሬ ሜትር ሴራሚክ እንደሚገባ፣ የሚባክነው ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ስፖንጅ ጭስ እንደሚያበዛ፣ እንግዳው ከበር እስከ ጠረጴዛ በየት እንደሚያልፍ አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው ለባለ ሀብት ከራሱ ክፍያ በላይ ያድናል። ለደላላውም ቢሆን፣ ባዶ ፎቅ ከማሳየት በላይ ፎቁ ምን ሊሆን እንደሚችል በሥዕል ማሳየት ዋጋ ያወጣል።

እንግዲህ ገንዘቡን ከማውጣት በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ተማሪው ነዋሪ ነው ወይስ የውጭ ተማሪ? ከ60ው ክሬዲት ስንቱ የዲዛይን ነው? ስንቱስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል? የሥራ ልምምዱ የሚገኘው ፈተናውን ባለፈ ባለሙያ ወይም በአርክቴክት ሥር ነው? የባለፈው ዓመት ምሩቃን ዛሬ የት ይሠራሉ? ለአምስቱም በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ኮሌጅ ሲገኝ 2,760 ዶላሩ ርካሽ ነው። መልስ ሳይገኝ የተከፈለ ከሆነ ግን 46 ዶላሩም ውድ ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነውና።